ይሉኝታ፣ ችግኝና የመጠይቅ ወረቀት፤ በአርሲ ደጋ ስለ ማኅበራዊ ደንብና ስለ አየር ንብረት የሚጻፉ የተማሪዎች ጥናቶች ሲመዘኑ

በአርሲ ደጋ ስለ ዛፍና ስለ ዝናም፣ ስለ ሰውም ጠባይ የሚጻፍ የመመረቂያ ድርሰት ዛሬ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የጥያቄው ፍሬ በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ሰው የአየር ንብረትን ለውጥ ለመቋቋም የሚጠቅመውን ሥራ፣ ይኸውም ችግኝ መትከልን፣ ደን መጠበቅን፣ ማገዶ መቆጠብን የሚሠራው ጥቅሙን ስላወቀ ነውን? ወይስ ጎረቤቱ ሲሠራ ስላየና ሳይሠራ ቢቀር ስለሚያፍር ነው? ጥያቄው መልካም ነው፤ ይልቁንም ጠያቂው ራሱ የዚያው አገር ልጅ በሚሆንበት ጊዜ። መልሱ የሚፈለግበት መንገድ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

የነገሩም ክብደት በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች የሚወርደው የቀተር ወንዝ የዝዋይን ሐይቅ ይመግባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚታዩት የእነዚህ ተራሮች ወገብ የለበሰው አስታ እየተቃጠለ ገብስ ሲዘራበት፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን መጠለያ ያጣል፤ በታችኛውም አገር በክረምት ጎርፉ ይበረታል፣ በበጋ ውሃው ያንሳል። እንግዲህ አንድ ድርሰት «ሕዝቡ መልካም ደንብ አለው» ብሎ ቢደመድም፣ ወይም «ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ቢል፣ ቃሉ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ወጥቶ በጽሕፈት ቤት ሲጠቀስ ለገበሬው ወይ ምስጋና ወይ ወቀሳ ይሆንበታል። ወቀሳውም ከመሬት፣ ከከብትና ከማገዶ ጋራ የተያያዘ ነውና ቀላል አይደለም።

ተማሪ ስለ አገሩ ልማድ መጻፉ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ባወጣው መጽሔት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ ጽፈዋል። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሠንጠረዥ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የሕዝብ ናሙና የሚባል ነገርም አልነበረም። ነገር ግን ነገሩ በምን ቀን፣ በማን ፊት፣ በምን ቃል እንደሚደረግ ለመናገር ይጥሩ ነበር። የዛሬው ድርሰት ያ ያልነበረው ሁሉ አለው፤ ያ የነበረው ግን ብዙ ጊዜ ይጎድለዋል።

የዛሬው ተማሪ የሚነሣበት ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መምጣቱም ነውር የለበትም። በአሜሪካ አገር በአሪዞና ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ቻልዲኒ ማኅበራዊ ደንብ የሚባለውን በሁለት ከፍለውታል፤ አንደኛው ሰው በእርግጥ የሚያደርገው ነው፤ ሁለተኛው ሰው ሊያደርገው ይገባል ተብሎ የሚታመነው ነው። ክፍያው ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ገልጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት ቻልዲኒና ባልደረቦቻቸው በአንድ ሆቴል ክፍሎች ውስጥ ልዩ ልዩ ጽሑፍ ያለባቸውን ካርዶች አኖሩ። «አካባቢን ለመጠበቅ ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ» የሚለውን ካነበቡት እንግዶች ከመቶ 35 ያህሉ ፎጣቸውን ደግመው ተጠቀሙ፤ «ብዙዎቹ እንግዶች ደግመው ይጠቀማሉ» የሚለውን ካነበቡት ግን ከመቶ 44 ያህሉ እንዲሁ አደረጉ፤ «በዚህ ክፍል ያደሩት ብዙዎቹ ደግመው ተጠቅመዋል» የተባሉት ደግሞ ወደ 49 ከፍ አሉ። በዚያ ክፍል ማን እንዳደረ እንግዳው አያውቅም፤ ቅርበቱ ብቻ ሳበው።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በካሊፎርኒያ በሳን ማርኮስ ከተማ የተደረገው ጥናት የበለጠ ያስተምራል። ወደ 300 ለሚጠጉ ቤቶች የኤሌክትሪክ ፍጆታቸው ከጎረቤቶቻቸው አማካይ ጋራ እየተነጻጸረ ተነገራቸው። አብዝተው ያቃጥሉ የነበሩት ቀነሱ፤ ቆጣቢ የነበሩት ግን፣ ከሌላው ያነሱ መሆናቸውን ባወቁ ጊዜ፣ ጨመሩ። ለቆጣቢዎቹ ከቁጥሩ አጠገብ የፈገግታ ምልክት ሲታተምላቸው መጨመሩ ቀረ። ሌላው የሚያደርገውን መንገር መልካሙን ሰው ወደ ታች ሊጎትት እንደሚችል፣ ማመስገን ደግሞ ባለበት እንደሚያቆየው ከዚህ ይታያል። እንዲህ ያለውን መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር በአሰላ በሚጻፉት ድርሰቶች ውስጥ የሚያነሣው እምብዛም አይገኝም።

እዚህ ሲደርስ ትምህርቱ ቅርጹን ይለውጣል። በእነዚያ ጥናቶች የተቆጠረው ፎጣና የቆጣሪ ንባብ ነበረ፤ በድርሰቶቹ የሚቆጠረው ግን መልስ ነው። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ አይስክ አጅዘን የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሳተሙት ንድፍ ላይ ሦስት ሐሳቦችን፣ ይኸውም የሰውየውን ዝንባሌ፣ የሌሎችን ግፊትና የራሱን ችሎታ ይወስድና ለእያንዳንዳቸው አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር ያዘጋጃል። ከዚያ የያማኔ ቀመር ይገባል። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት የስታቲስቲክስ መጽሐፍ የሚገኘው ይህ ቀመር፣ ከመቶ አምስት ስሕተት ከተፈቀደለት፣ የሕዝቡ ብዛት አሥር ሺህም ሆነ አሥር ሚሊዮን፣ የሚሰጠው ቁጥር ከ400 አያልፍም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የመመረቂያ ድርሰቶች ውስጥ ሦስት መቶ ሰማንያ ስንት ሰው የሚኖርበት አንድ ቀበሌ ያለ ይመስላል። ቀመሩ ናሙናው በዕጣ እንደሚወጣ ያስባል፤ ተማሪው ግን ወረቀቱን የሚሰጠው በገበያ ቀን ላገኘው ወይም የቀበሌው ሹም ለጠራለት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ አይደለም። «ጎረቤቶቼ ዛፍ እንድተክል ይጠብቁብኛል፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» የሚለውን ጥያቄ የሚያነበው ከከተማ የመጣ የተማረ ልጅ ነው። እንግዳ ነው፤ ምናልባትም የእገሌ ልጅ ነው። ቡና ቀርቦለታል። ገበሬውም እንግዳ ደስ ብሎት እንዲሄድ ይሻል፤ ስለ ዛፍ የመጣ ሰው ስለ ዛፍ ክፉ ቃል መስማት እንደማይፈልግም ያውቃል። ስለዚህ «በጣም እስማማለሁ» ይላል። እንዲህ የሚያሰኘውም ያው ሊለካ የተፈለገው ማኅበራዊ ደንብ ነው። ደንቡ ወረቀቱን ሞልቶ ይመልሳል፤ ተማሪው ግን የሞላው ገበሬው የመሰለው እንደ ሆነ በአራተኛው ምዕራፍ «ከመላሾቹ ከመቶ ይህን ያህሉ» እያለ ይጽፋል።

በቋንቋም በኩል ያለው ችግር ከዚህ አያንስም። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ሲመለስ «ማኅበራዊ ደንብ» የሚል አንድ ቃል ይዞ ይመጣል። በደጋው የሚኖረው ሰው ግን አንድ ቃል ብቻ ያለው አይደለም፤ ቃላቱም የየራሳቸው ጉልበት አላቸው። አማርኛ ተናጋሪው መጀመሪያ ይሉኝታ ይላል። ቃሉ ራሱ የቻልዲኒን ትምህርት በአንድ ትንፋሽ የያዘ ነው፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው አሳብ የተወለደ ነውና። ይሉኝታ ያለው ሰው የሌላውን አፍ አስቀድሞ ይሰማል፤ ይሉኝታ ቢስ የሚባለውም ጆሮው ለዚህ የተደፈነ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ዓይን ይፈልጋል። በመንደር መካከል ይሠራል፤ በገለማ አስታ ውስጥ በሌሊት አይሠራም። ነውር ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ ሰው ቢያየውም ባያየውም ነውር ያው ነውር ነው፤ ቢሆንም ቅጣቱ አልተጻፈም። ደንብ የተባለ እንደ ሆነ ግን ዝርዝር አለው፣ መቀጫ አለው፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ለዚህ የእድር ደንብ ጥሩ ምስክር ነው። ከልቅሶ የቀረ ሰው መቀጫውን የሚከፍለው አፍሮ ሳይሆን ስሙ ስለ ተጠራ ነው።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያለው ክፍል ከዚህም ይሰፋል። ሴራ ማለት ሕግ ነው፤ በአማርኛ ቃሉ ተንኮልን የሚያሰማ መሆኑ የሁለቱን ቋንቋዎች ጎረቤትነት የሚያሳይ እንግዳ ነገር ነው፤ የሚያስተረጉም ተማሪም ሊጠነቀቅበት ይገባል። ሰፉ የሚባለው በሰውና በሰው፣ በሰውና በፍጥረት መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን ርቀትና መከባበር ያመለክታል፤ የሚያሳቅቅ ነገር ሲታይም «ሰፉ!» ተብሎ ይጮኻል። ወዩ ደግሞ የከበረ፣ የማይነካ፣ የማይደፈር ማለት ነው። ማሪት ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጽሑፋቸው ወዩ በአርሲ ሴቶች ክብርና መብት ላይ ያለውን ሥራ አስረድተዋል። አማት ለአማች ወዩ ናት፤ ያገባች ሴት የምትይዘው የሲንቄ በትር ወዩ ናት። አንዲት ሴት ወልዳ ቀነፋዋን በግንባርዋ አስራ ሳለች ባልዋ ቢመታት፣ የአገሩ ሴቶች ሲንቄአቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋተኛው ካሳ ሳይከፍልና ሳይታረቅ ወደየቤታቸው አይመለሱም። ዝናም ሲጠፋም ሴቶች ተሰብስበው ወጥተው ይለምናሉ።

ይህን ሁሉ መጥቀስ ያስፈለገው የጥንቱን ለማወደስ አይደለም። አንድ ተማሪ «የአካባቢው ማኅበራዊ ደንብ ደንን ለመጠበቅ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ በሚጽፍበት ጊዜ፣ የይሉኝታን፣ የእድርን መቀጫና የወዩን ክብር በአንድ ዓምድ ደምሮ አማካይ ያወጣላቸዋል። ይህ ግን ሜትርን፣ ኩንታልንና ብርን መደመር ነው። ይሉኝታ ተመልካች ሲጠፋ ይጠፋል፤ እድር ገንዘብ ያዡ ሲጠፋ ይላላል፤ ወዩ ግን የሚጠፋው እምነቱ ሲለወጥ ነው። እምነቱም ተለውጧል። ተርየ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ባሌ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የገባው የሰለፊ ትምህርት የቅዱሳንን መቃብር ማክበርንና የመሳሰለውን ልማድ እንዴት እንደ ተቃወመ ያስረዳሉ። በአርሲም ለአያት ወዩ የሆነው የመቃብር ጥድ ለልጅ ልጁ እንጨት ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የመላሹ ዕድሜ ከስሙ አጠገብ የሚሞላ ቁጥር ብቻ ሆኖ መቅረት የማይገባው፤ ጥያቄው ለአያትና ለልጅ ልጅ ለየብቻ ሊቀርብ ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙ ድርሰቶች የሚደገፉበት ማስረጃ የችግኝ ዘመቻ ነው። አረንጓዴ ዐሻራ በተባለው ዘመቻ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ተማሪው በዘመቻው የወጣውን ሰው ቁጥር የማኅበራዊ ደንብ ኃይል አድርጎ ይወስደዋል። ጎረቤት ሲወጣ ጎረቤት መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን፣ ቀበሌው አባወራዎቹን ስም እየጠራ በሚያወጣበት ቀን ትእዛዝን ከደንብ ለይቶ የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። ደንብ የሚታወቀው ጠሪው ከሄደ በኋላ ነው።

ጠሪው ከሄደ በኋላ ደግሞ ከብቱ ይመጣል። በደጋው ገብሱና ስንዴው ከታጨደ በኋላ ቃርሚያው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቃል፤ የጎረቤትን ከብት ከታጨደ ማሳ መመለስ እንደ ክፋት የሚታይበት ልማድ ነው። ይህም ማኅበራዊ ደንብ ነው፤ መልካምም ደንብ ነው፤ ድኻው ላሙን የሚያቆየው በዚህ ነውና። በሐምሌ የተተከለው ችግኝ በታኅሣሥና በጥር የሚበላው በክፉ ሰው ወይም ግንዛቤ በሌለው ሰው እጅ አይደለም፤ እርስ በርስ መተዛዘንን በሚያዝዝ በሌላ ደንብ ነው። ሁለቱ ደንቦች በአንድ ማሳ ላይ ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ባለ ማሳው ችግኙን ሲያጥር ጎረቤቱ ምን እንደሚለው፣ ሽማግሌ ቢጠራ ለማን እንደሚፈርድ መጠየቅ ከሃምሳ መጠይቅ የሚበልጥ ምርምር ነው። ይህን የሚጠይቅ ድርሰት ግን ማግኘት ያስቸግራል፤ ለአብዛኞቹ ደንብ ማለት ለዛፍ የሚያግዝ ነገር ብቻ ነውና። የመጨረሻው ምዕራፍም «ለኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ይሰጥ» በሚለው ምክር ይዘጋል። ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቀውን ሊያስተምሩት ይመጣሉ ማለት ነው።

ሥራው በሌላ መንገድ ሊሠራ መቻሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ፣ በበቆጂና በአሳሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ዶዶላ ያደርሳል። ቀድሞ በባሌ ሥር በነበሩት፣ ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ባሉት በዶዶላና በአዳባ ወረዳዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ረዳትነት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመዋል። በኦሮምኛ ስማቸው አኅጽሮት ዋጂብ ተባሉ፤ ቃሉ በዓረብኛ «ግዴታ» ማለት መሆኑ ለሙስሊሙ አባል ሳይሰማው አይቀርም። እያንዳንዱ ማኅበር ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች ሲኖሩት፣ የታወቀ ወሰን ያለውን ደን ተረክቦ ለመጠበቅና ለመጠቀም ከመንግሥት ጋራ ይዋዋላል።

ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ስቴፋኒ ኤንገልና ሚካኤል ኮስፌልድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የተደረገው በእነዚህ ላይ ነው። 49 ማኅበራትንና 679 አባላትን መረመሩ። ለአባላቱ ገንዘብ ያለበት ጨዋታ አቀረቡላቸው፤ አንዱ ለጋራ የሚያዋጣው ሌላው የሚያዋጣውን አይቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ምንም ቢሆን የማያዋጣ እንደ ሆነ በዚህ ለዩ። ከዚያም ወደ ደኑ ሄደው ወጣት ዛፎችን በሄክታር ቆጠሩ። «አንተ ካደረግህ እኔም አደርጋለሁ» የሚሉ ሰዎች የበዙባቸው ማኅበራት ብዙ ዛፍ አላቸው፤ እነዚህም ሰዎች ደኑን በመጠበቅ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ። ኮስፌልድና ሩስታጊ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ የማኅበሩ መሪ ቅጣት እንዴት እንደሚሰጥ ዋጋ እንዳለው አሳይተዋል፤ መሪው እኩልነትንና የጋራውን ጥቅም ተመልክቶ በሚቀጣበት ማኅበር ደኑ ሲለማ፣ ያላጠፋውን በሚቀጣበት ማኅበር ግን ይጎዳል።

እነዚህ ሥራዎች የሚመሰገኑት ስለ ትልቅ መጽሔት አይደለም፤ ዛፉን ስለ ቆጠሩ ነው። አንድ ሰው በወረቀት ላይ ለእንግዳ የሚሰጠውን መልስ ይሉኝታ ሊያጣምመው ይችላል፤ የደኑን ወጣት ጥድ ግን አያጣምመውም። ቢሆንም ለኢትኖሎጂ አንባቢ የሚጎድላቸው ነገር አለ። የተጠኑትን ሰዎች የባሌ ኦሮሞ ይሏቸዋል፤ በአዳባና በዶዶላ ያለው ሕዝብ ግን በትውልድ ሲቆጠር ራሱን አርሲ ይላል፤ ጎሣውም በሁለቱ ወገን ተዘርግቷል። አንዱ ማኅበር ውስጥ ተባባሪው ለምን እንደ በዛ፣ በሌላው ለምን እንዳነሰ ከጎሣ፣ ከጋብቻና ከአማችነት ጋራ አያይዞ ለማስረዳት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅጣት ሲሰጥ የተነገረው ቃል፣ የተከፈለው ካሳ፣ የተቀመጡበት የዛፍ ጥላ አይታወቅም። እዚያው ተወልዶ ያደገ ተማሪ ከሦስቱ ሊቃውንት የሚበልጥበት ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ እርሱ ግን ቦታውን ትቶ የእነርሱን ሠንጠረዥ በደካማ ብዕር ይገለብጣል።

የማኅበሩ ቁጥር በ30 መወሰኑም ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ማን ገባ? ማንስ ቀረ? ደንብ በውስጥ ያለውን ሲያስተሳስር ከውጭ ያለውን ይለያል። ትናንት ከዚያው ደን ማገዶ ይለቅም የነበረው ጎረቤት ዛሬ ሌባ ተብሎ ሲያዝ፣ የማኅበሩ አባል «ደንብ አለን» ይላል፤ ተያዡ ደግሞ ሰፉ ፈረሰ ይላል። የአየር ንብረት ጥናት ሁለቱንም መስማት አለበት።

ከቅርብ ጊዜ ከታተሙት ውስጥ ለተማሪ እጅግ የሚጠቅም አንድ ሥራ አለ። ፒተር አንድሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት፣ በ125 አገሮች ወደ 130,000 የሚጠጉ ሰዎችን በጠየቁበት ጥናት፣ ከመላሾቹ ከመቶ 69 ያህሉ ከገቢያቸው ከመቶ አንዱን ለአየር ንብረት ለመስጠት ፈቃደኞች መሆናቸውን ተናገሩ። በአገራቸው ካሉት ሰዎች ስንቱ ፈቃደኛ ይሆናል ተብለው ሲጠየቁ ግን በአማካይ 43 ገመቱ። ብዙው ሰው መልካም ሳለ፣ ጎረቤቱን ከእርሱ ያነሰ ያደርገዋል፤ ስለዚህም ቆሞ ይጠብቃል። የፈቃዱ ቁጥር ከላይ የተባለው የይሉኝታ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ለአንድ ቀበሌ በሁለት ጥያቄ ሊመረመር የሚችል ነው፤ «አንተ ችግኝህን ታጥራለህን?» «ከጎረቤቶችህ ከአሥሩ ስንቱ ያጥራል?» ከዚያ ወጥቶ የታጠረውን መቁጠር ነው። የእግር መንገድ ከመሆን በቀር የሚያስከትለው ወጪ የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ባሕር ዛፍ ተረስቶ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። በአርሲ ደጋ ያለ ዘመቻ፣ ያለ መፈክር፣ ያለ መጠይቅ የተስፋፋ ዛፍ ቢኖር እርሱ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ የገበሬውን ጓሮ የወረሰው ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት በቆርቆሮ ተከድኖ ስላየ፣ ቆርቆሮውም የተገዛው በባሕር ዛፍ አጣና መሆኑን ስላወቀ ነው። ቻልዲኒ «ሰው የሚያደርገው» ያሉት ደንብ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚታየው እዚህ ነው። ሥሩ የገብሱን ማሳ ያደርቃል ብሎ ጎረቤት ሲከስ፣ ከወሰን ስንት እርምጃ ይራቅ ተብሎ በሽማግሌ ሲወሰንም አዲስ ደንብ እየተወለደ ነው። ተማሪው ግን ባሕር ዛፍን «አገር በቀል አይደለም» ብሎ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ዛፉ ጥሩ ነው ወይስ ክፉ የሚለው የደን ባለሙያ ሥራ ነው፤ ስለ ደንብ የሚያጠና ሰው ግን ደንቡ የቆመበትን ሥፍራ ትቶ ወዴት ይሄዳል?

ባሕር ዛፍ የተተከለው የተካዩ ስለ ሆነ ነውና ነገሩ ከመሬት ይዞታ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ባመጣበት ዘመን፣ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች በትራክተር ለማረስ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቅለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የጋራ ግጦሽንና ደንን ይጠብቁ የነበሩ አንዳንድ ሥርዓቶችም አብረው ፈረሱ። የመንዝ ጓሳ ለዚህ ይጠቀሳል። በዚያ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት እየዘጉ፣ በተወሰነ ጊዜ እየከፈቱ፣ የጣሰውን እየቀጡ ለብዙ ትውልድ ቆይተው ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ ሥርዓቱ ቀረ፤ የአገሩ ሰዎች ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ እንደ ገና አቋቁመውታል። ይህ የሚያመለክተው ደንብ በሰው ልብ ብቻ የሚኖር አለመሆኑን ነው፤ መሬቱ የማን ነው፣ ቅጣቱን ማን ይበላል፣ ዳኛው ማን ነው ከሚሉት ጋራ ይኖራል፤ ከእነርሱም ጋራ ይሞታል። በአርሲ መሬት ሦስት ጊዜ እጅ ሲለዋወጥ ያዩ አዛውንት «ዛፍ ትተክላለህን?» ሲባሉ «ማን ይቆርጠዋል?» ብለው ቢመልሱ፣ በመጠይቁ ላይ ያ መልስ የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ተማሪው «አልወሰንኩም» በሚለው ላይ ምልክት ያደርግላቸዋል።

ለተማሪው ሊነገርለት የሚገባ ይቅርታ አለ። የኮሌጅ ዓመት የሚቆጠረው በመስከረም ተጀምሮ ነው፤ ንድፉ በኅዳር ይጸድቃል፣ መጠይቁ በየካቲት ይበተናል፣ ድርሰቱ በሰኔ ይገባል። ችግኝ የሚተከለው ደግሞ በሐምሌ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ስለ ችግኝ ጽፎ ይመረቃል እንጂ የጻፈለት ችግኝ የመጀመሪያውን በጋ ሲያልፍ አያይም። ያለፈው ዓመት ችግኝ ግን አለ። በኅዳር፣ ንድፉ ሲጸድቅ፣ በጭላሎ ግርጌ በአንድ ቀበሌ ባለፈው ሐምሌ የተተከለውን መቶ ጉድጓድ ቆጥሮ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ በጥር፣ ከብቱ ከተለቀቀ በኋላ፣ ተመልሶ የቀረውን መቁጠር ይቻላል፤ በሚያዝያ፣ በበልግ መግቢያ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። የደረቀውን፣ የተበላውን፣ የተነቀለውን ለይቶ መጻፍ፤ ያጠረውን ሰው ለምን እንዳጠረ፣ ያላጠረውንም ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ወረቀቱ ወደ ኪስ ከገባ በኋላ፣ በራሱ ቋንቋ መጠየቅ። ከዚያም የማን ከብት እንደ ገባ፣ ባለ ከብቱ ለባለ ማሳው የስንት ሰው ዘመድ እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተባባሉና ማን እንዳስታረቃቸው መመዝገብ። መቶ ጉድጓድ ከያማኔ ቁጥር ሩቡን ያህል ነው፤ ለአንድ ተማሪና ለአንድ ጥንድ ጫማ ግን ይበቃል።